የዲስኩ ቁልፍ ተሰብሯል፤ የገበያውስ?

ከሳሪስ አቦ ቁልቁል ወደ አቃቂ የሚወስደውን አውራ ጎዳና የያዘ መንገደኛ ቃሊቲ ሲደርስ ዓይኑን የሚይዘው የከባድ መኪና ሰልፍ ነው። ከጅቡቲ ወደብ ተጭኖ የመጣ ዕቃ ሰነዱ ተመርምሮ፣ ቀረጡ ተሰልቶ ከሚለቀቅባቸው ዋና ዋና ቦታዎች አንዱ የቃሊቲ ጉምሩክ ነው። ጨርቁ፣ መለዋወጫው፣ ሞተሩና ኤሌክትሮኒክሱ በዚህ በር ያልፋል። አገር ውስጥ የማይመረተው ባዶ ዲስክም እንደማንኛውም የገቢ ሸቀጥ የጉምሩክን በር አልፎ ነው መርካቶ ደርሶ የተቸረቸረው።

ባዶ ዲስክ ግን እንደ ሌላው ሸቀጥ አይደለም። ጨርቅ በጉምሩክ መጋዘን ውስጥም ሆነ በቸርቻሪው መደርደሪያ ላይ ያው ጨርቅ ነው። ዲስክ ዋጋውን የሚያገኘው የሚጻፍበትን ካገኘ በኋላ ነው። በአንዱ ላይ የሠርግ ቪዲዮ ይጻፍበታል፣ በሌላው ላይ ስብከት ወይም መዝሙር፣ በሦስተኛው ላይ ደግሞ ሰው ቤቱን አስይዞ የሠራው ፊልም ያለባለቤቱ ፈቃድ ይገለበጥበታል። አስመጪው የሸጠው አንድ ዓይነት ዕቃ ነው፤ ገበያው የተቀበለው ግን ሦስት የተለያየ ነገር ሆኗል።

ዛሬ ዲስኩ ራሱ እየተሰናበተ ነው። በቃሊቲና በአቃቂ የንግድ መደዳዎች «ሲዲ ኮፒ እናደርጋለን» ይሉ የነበሩ ሱቆች «ፍላሽና ሞባይል ላይ እንጭናለን» ወደሚል ማስታወቂያ ዞረዋል። ይሁንና በዲስኩ ዘመን የተነሣው ጥያቄ ገና መልስ አላገኘም። ለመሆኑ ፊልምን ከኮፒ የሚጠብቀው ምንድን ነው? ቁልፍ ነው፣ ሕግ ነው ወይስ ገበያው ራሱ? ገንዘቡን በፊልም፣ በሙዚቃ ወይም በሶፍትዌር ላይ ለማዋል የሚያስብ ሰው ይህን ሳይመልስ ውል ቢፈርም ኪሳራው ከደጅ እየጠበቀው ነው ማለት ይቻላል።

የካሴቱ ዘመን ጥበቃ

የቪዲዮ ካሴት በነበረበት ጊዜ ኮፒ ማድረግ ጊዜ ይፈጅ ነበር። የ2 ሰዓት ፊልም ለመገልበጥ ሁለት ማጫወቻ አያይዞ 2 ሰዓት መጠበቅ ግድ ነው። ከኮፒ ላይ ኮፒ ሲወሰድ ደግሞ ምስሉ ይደበዝዛል፣ ድምፁም ይሻክራል። አራተኛውና አምስተኛው ኮፒ ላይ ሲደረስ የተዋናዩን ፊት ለመለየት ማፍጠጥ ያስፈልጋል። ይህ ጉድለት ማንም ሳያቅደው ለፊልም ባለቤቱ ጥበቃ ሆኖ ቆይቷል። ኦሪጅናሉ ከኮፒው ስለሚሻል ገዢው ልዩነቱን በዓይኑ ያይ ነበር።

የአሜሪካ ፊልም አከፋፋዮች በዚህ አልረኩም። እ.ኤ.አ. በ1985 ማክሮቪዥን የተባለ መከላከያ በካሴት ላይ መጠቀም ጀመሩ። አሠራሩ ቀላል ነበር። በቴሌቪዥን ምስል አንዱና በሌላው ፍሬም መካከል ለተመልካች የማይታይ ክፍተት አለ። በዚያ ክፍተት ውስጥ ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ምት ይጨመራል። ቴሌቪዥኑ ምቱን ችላ ይለዋል፤ የመቅጃው ማሽን ግን የምስሉ ብርሃን ከመጠን በላይ የሆነ መስሎት ሊያስተካክል ይሞክርና ያበላሸዋል። የተቀዳው ፊልም አንዴ ይጨልማል፣ አንዴ ይፈካል። ምቱን የሚያጸዳ ትንሽ መሣሪያ ገበያ ላይ ለመውጣት ግን ብዙ ጊዜ አልወሰደም።

በፋብሪካ ሰፈሮች፣ አቃቂን ጨምሮ፣ የቪዲዮ ቤት ንግድ የቆመው በዚሁ የካሴት ገበያ ላይ ነበር። አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ማጫወቻ፣ ጥቂት አግዳሚ ወንበሮችና የመግቢያ ሳንቲም የሚሰበስብ ልጅ ካለ ሥራው ይጀመራል። ከፈረቃ የወጣው ሠራተኛና ከትምህርት ቤት የተለቀቀው ተማሪ ደንበኞቹ ናቸው። ከዚያ ገቢ ላይ ለፊልሙ ባለቤት ይክፈል የሚል ጥያቄ በንግዱ ልማድ ውስጥ ቦታ አልነበረውም።

ቁልፍ ያልተሠራለት ቪሲዲ

የአማርኛ ፊልም ታሪክ ረጅም ነው። «ሂሩት አባቷ ማነው» የተሠራው በ1950ዎቹ ዓ.ም ነው። ነገር ግን ፊልም ሰፋ ያለ ንግድ የሆነው በ1990ዎቹ ዓ.ም ሁለተኛ አጋማሽ፣ በዲጂታል ካሜራ መቅረጽ ሲጀመር ነው። ሴሉሎይድ ገዝቶ ወደ ውጭ አገር ላቦራቶሪ መላክ ቀረ። ፊልሙ በሲኒማ ቤት በፕሮጀክተር ይታያል፤ ከወራት ወይም ከዚያ ከሚበልጥ ጊዜ በኋላም በቪሲዲ ታትሞ ይሸጣል። አምባሳደርን፣ ሲኒማ ኢትዮጵያንና አምፒርን የመሳሰሉት ነባር አዳራሾች ሰልፍ የበዛባቸው፣ አለም ሲኒማንና ሴባስቶፖልን የመሳሰሉ የግል ሲኒማ ቤቶችም ወደ ገበያው የገቡት በዚሁ ጊዜ ነው።

ችግሩ ያለው የተመረጠው ዕቃ ላይ ነው። ቪሲዲ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1993 ሲሆን ደረጃውን ያወጡት ፊሊፕስ፣ ሶኒ፣ ማትሱሺታና ጄቪሲ ናቸው። ዲስኩ ተራ ሲዲ ነው። የሚይዘውም 74 ደቂቃ ገደማ ስለሆነ የ2 ሰዓት ፊልም በሁለት ዲስክ ይሸጣል፤ «ሲዲ አንድ» እና «ሲዲ ሁለት» የተባለውም ለዚሁ ነው። የምስሉ መጠን 352 በ288 ነጥብ ሲሆን ይህም ከዲቪዲው 720 በ576 ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ነው። ርካሽ በመሆኑ በእስያ ሰፊ ገበያ አገኘ፣ በአፍሪካም ተከተለ።

ቪሲዲ ግን ቁልፍ የለውም። ደረጃውን ያወጡት ኩባንያዎች ምስሉን የሚቆልፍ ምስጢራዊ ኮድ አላበጁለትም። ማንኛውም ኮምፒውተር ፋይሉን እንደ ተራ ሰነድ ያነበዋል። ፈጣን መጻፊያ ያለው ኮምፒውተር አንዱን ዲስክ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይጨርሳል። ኮፒውም እንደ ካሴት አይደበዝዝም፤ መቶኛው ኮፒ ከመጀመሪያው እኩል ነው። በካሴት ዘመን ለባለቤቱ ዘብ ቆመው የነበሩት ሁለቱ ነገሮች፣ ጊዜ የመፍጀቱና የምስሉ መደብዘዝ፣ በአንድ ጊዜ ጠፉ። የአማርኛ ፊልም ወደ ገበያ የወጣው እንግዲህ በር በሌለው ቤት ነው።

ሒሳቡ ሲሠራ

ጉዳዩን በቁጥር ማየት ይቻላል። ቁጥሮቹ ስሌቱን ለማሳየት ብቻ የተወሰዱ ናቸው። አንድ ፊልም ለመሥራት 500,000 ብር ወጣ እንበል። ፕሮዲዩሰሩ ዲስኩን ለአከፋፋይ ሲያስረክብ ከአንዱ 15 ብር ያተርፋል ብንል፣ ያወጣውን ለመመለስ ከ33,333 በላይ ዲስክ መሸጥ አለበት። ኮፒ የሚያደርገው ሰው ደግሞ ለመጻፊያ መሣሪያው 1,500 ብር አውጥቶ፣ ከእያንዳንዱ ዲስክ 5 ብር ቢያተርፍ 300 ዲስክ ሲሸጥ ወጪውን መልሷል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ትርፍ ነው።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የጉልበት ወይም የብልጠት አይደለም። አንዱ የተዋናይ፣ የካሜራ፣ የመብራትና የአዳራሽ ዕዳ ተሸክሟል፤ ሌላው የተሸከመው የባዶ ዲስክ ዋጋ ብቻ ነው። በዚህ ገበያ ዋጋ በመቀነስ መወዳደር አይቻልም። ፕሮዲዩሰሩ ከአምስት ብር ወደ አራት ብር ትርፍ ቢወርድ ተወዳዳሪው ወደ ሦስት ይወርዳል፤ መውረጃው የባዶው ዲስክ ዋጋ ነውና።

የአገር ውስጥ ፕሮዲዩሰሮች ያገኙት መፍትሔ የቴክኒክ ሳይሆን የነጋዴ መፍትሔ ነበር። ፊልሙን ከሲኒማ ቤት አያወጡትም። በሲኒማ ቤት እየታየ ያለ ፊልም ዲስኩ የትም አይገኝም፤ ስለዚህ ትኬት የቆረጠ ብቻ ያየዋል። ዲስኩ የሚወጣው የአዳራሹ ገቢ ከተሟጠጠ በኋላ ነው። በሌላ አነጋገር ገንዘቡን የሚጠብቀው ቁልፍ ዲስኩ ላይ ሳይሆን የሲኒማ ቤቱ በር ላይ ሆነ። ይህም የራሱ ዋጋ ነበረው። ሲኒማ ቤት የሌለበት የክፍለ ሀገር ከተማ ነዋሪ ፊልሙን እስኪያገኝ ብዙ ጠብቋል፤ የጠበቀ ደንበኛ ደግሞ ቀድሞ የደረሰለትን ኮፒ ይገዛል።

ዲቪዲ እንዴት ይቆለፋል?

የሆሊውድ ኩባንያዎች ግን በር ያለው ቤት ሠርተው ነበር። ዲቪዲ እ.ኤ.አ. በ1996 ጃፓን ውስጥ ገበያ ላይ ሲውል ሲኤስኤስ የሚባል መቆለፊያ ተበጅቶለት ነው።

አሠራሩን ለመረዳት የባንክ ካዝናን ማሰብ ይረዳል። ፊልሙ ራሱ በአንድ ቁልፍ ተቆልፏል። ያ ቁልፍ በሌላ ቁልፍ፣ በዲስኩ ቁልፍ፣ ተዘግቷል። የዲስኩ ቁልፍ ደግሞ ከ400 በላይ በሆኑ የማጫወቻ ቁልፎች በየተራ ተዘግቶ በዲስኩ መግቢያ ክፍል ላይ ተቀምጧል። ፈቃድ ያለው ማጫወቻ አምራች ሁሉ ከነዚህ የማጫወቻ ቁልፎች የራሱን ተቀብሎ በመሣሪያው ውስጥ ይደብቃል። ዲስኩ ሲገባ ማጫወቻው በራሱ ቁልፍ የዲስኩን ቁልፍ ይከፍታል፤ በዚያ የፊልሙን ቁልፍ ያወጣል፤ በመጨረሻም ምስሉ ይፈታል።

ብዙዎችን የሚያስገርመው ነገር እዚህ ላይ ነው። ቁልፍ ያለበትን ዲቪዲ እንዳለ፣ አንድ ፊደል ሳይቀር መገልበጥ አይጠቅምም። ለተጠቃሚ በሚሸጠው ባዶ ዲቪዲ ላይ ቁልፎቹ የሚቀመጡበት የመግቢያ ክፍል አስቀድሞ ተደፍኖ ስለሚመጣ መጻፊያው እዚያ ላይ ሊጽፍ አይችልም። የተገለበጠው ዲስክ የተቆለፈውን ፊልም ይዟል፤ ቁልፉን ግን አልያዘም። ማጫወቻ ውስጥ ሲገባ ዝም ይላል።

ሁለተኛው አጥር የቀጠና ኮድ ነው። ዓለም በቀጠና ተከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ቁጥር ተሰጥቶታል። አሜሪካ ቀጠና 1፣ አውሮፓና መካከለኛው ምሥራቅ ቀጠና 2 ሲሆኑ ኢትዮጵያ ከሕንድ፣ ከሩሲያና ከአብዛኛው የአፍሪካ ክፍል ጋር በቀጠና 5 ተመድባለች። ዓላማው ፊልሙን በየአገሩ በተለያየ ጊዜና ዋጋ ለመሸጥ ነው። ለአዲስ አበባ ቤተሰብ ግን ትርጉሙ ሌላ ነበር። ዘመድ ከዋሽንግተን ያመጣው ኦሪጅናል ዲስክ፣ ከዱባይ የመጣው ማጫወቻ ላይ እንዳይሠራ በሕጉ ተወስኗል። በተግባር ግን ማንኛውንም ቀጠና የሚያጫውቱ ርካሽ የቻይና ማጫወቻዎች ገበያውን ሲያጥለቀልቁት አጥሩ ትርጉም አጣ። እዚህ ላይ ያሸነፈው ነጋዴው እንጂ የኮምፒውተር ሊቅ አልነበረም።

ቁልፉን የሰበረው ልጅ

ሲኤስኤስ ሁለት ድክመት ነበረበት። አንደኛ፣ ቁልፉ 40 ቢት ብቻ ነበር፤ ለተራ ኮምፒውተር እንኳ ተሞክሮ የሚገኝ አጭር ቁልፍ። ሁለተኛ፣ ቁልፉ ማጫወቻው ውስጥ መኖሩ ግድ ነው። ፊልሙን ማየት የሚችል መሣሪያ ሁሉ ቁልፉን ይዟል ማለት ነው። የቤቱን ቁልፍ ለእያንዳንዱ እንግዳ አድሎ ሌባ አይገባም ማለት አይቻልም።

አንድ የኮምፒውተር ማጫወቻ ሶፍትዌር ቁልፉን በሚገባ ሳይደብቅ ገበያ ላይ ወጣ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1999 ዲሲኤስኤስ የተባለች ትንሽ ፕሮግራም ተሰራጨች። ከሠሯት መካከል ስሙ የታወቀው የኖርዌዩ ዮን ሌክ ዮሃንሰን ያኔ 15 ዓመቱ ነበር። ክስ ተመሥርቶበት እ.ኤ.አ. በጥር 2003 በነጻ ተለቀቀ፤ ዓቃቤ ሕግ ይግባኝ ብሎ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር እንደገና ነጻ ተባለ። ፍርድ ቤቱ የተቀበለው፣ ሰው በገንዘቡ የገዛውን ፊልም በራሱ ኮምፒውተር የማየት መብት አለው የሚለውን ክርክር ነው።

ከዚያ በኋላ የዲስክ መጠባበቂያ ሶፍትዌር ራሱን የቻለ ንግድ ሆነ። እነዚህ ሶፍትዌሮች ሦስት ሥራ ይሠራሉ። ቁልፉን ይፈታሉ፤ በፋብሪካ የታተመው ዲስክ እስከ 8.5 ጊጋባይት ሲይዝ በርካሽ የሚገኘው ባዶ ዲስክ 4.7 ብቻ ስለሚይዝ ፊልሙን ይጨምቃሉ ወይም ተጨማሪ ክፍሎቹን ይቀንሳሉ፤ ከዚያም በባዶው ላይ ይጽፋሉ። ሻጮቹ የሚያቀርቡት ምክንያት ቀላል ነው፤ ልጅ የቧጨረውን ዲስክ ማን ይተካል?

የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች በዚህ አልተስማሙም። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ሕግ ቁልፍ የሚሰብር መሣሪያ መሸጥን ይከለክላል። 321 ስቱዲዮስ የተባለው ኩባንያ «ዲቪዲ ኤክስ ኮፒ» የተባለውን ሶፍትዌሩን በይፋ ሲሸጥ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2004 ተፈረደበት፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ሥራውን ዘጋ። ሪልኔትወርክስ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተመሳሳይ ምርት ይዞ ቢመጣም እ.ኤ.አ. በ2009 በፍርድ ቤት ታገደ፤ በ2010 ደግሞ 4.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቶ ክርክሩን ጨረሰ። ሻጮቹ ተዘጉ፤ በነጻ የሚሰራጩት ፕሮግራሞች ግን ቀሩ። ብሉ ሬይ የተባለው ቀጣዩ ዲስክ 128 ቢት ቁልፍ ይዞ ቢወጣም እ.ኤ.አ. በ2007 የእሱም ቁልፎች ለሕዝብ መውጣት ጀምረው ነበር። ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት፣ ቁልፍ ሌባን ያዘገያል እንጂ አያስቀርም የሚል ነው።

አንድ መደርደሪያ፣ ሁለት ሕግ

ኢትዮጵያ ውስጥ የደራሲ መብት በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ቦታ ነበረው። ሆኖም ዲስክና ኮምፒውተር ባልታሰቡበት ጊዜ የተጻፈ ነው። የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት በአዋጅ ቁጥር 320/1995 ተቋቋመ፤ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ተከተለ። ይህ አዋጅ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል፤ መብትን በጋራ ለማስተዳደር የሚያስችል መሠረትም ተጥሏል።

አዋጁ ሲወጣ ቅጣቱ ቀላል አልነበረም። መብትን ሆን ብሎ የጣሰ ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት እንደሚጠብቀው ደንግጎ ነበር። ለሞራል ጉዳት የሚከፈለው ካሣም ከ100,000 ብር እንዳያንስ ወሰነ። በሌላ በኩል አዋጁ ለግል አገልግሎት የሚደረግን ኮፒ አልዘጋም። አንድ ሰው የታተመን ሥራ ለራሱ ብቻ በአንድ ቅጂ ቢያባዛ፣ የባለመብቱን ጥቅም ያለአግባብ እስካልጎዳ ድረስ፣ ባለመብቱ ሊከለክለው አይችልም። የኮምፒውተር ፕሮግራም በሕጋዊ መንገድ የገዛም አንድ የመጠባበቂያ ቅጂ ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ የአቃቂው አባወራ የገዛውን ዲስክ ለልጆቹ አንድ ኮፒ አድርጎ ኦሪጅናሉን ቁም ሣጥን ውስጥ ቢቆልፍበት አንድ ነገር ነው፤ ያንኑ ኮፒ አሥር አድርጎ ሱቅ ቢያስቀምጥ ሌላ ነገር።

ነጋዴው ልብ ሊለው የሚገባ ሌላም ነጥብ አለ። አዋጁ የሚጠብቀው የኢትዮጵያውያንን ወይም በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሰዎችን ሥራ፣ እዚህ መጀመሪያ የታተመን ሥራና ኢትዮጵያ በገባችባቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የተሸፈነን ሥራ ነው። አዋጁ በወጣበት ጊዜ አገሪቱ የበርን ስምምነት አባል አልነበረችም። በመሆኑም በአንድ መደርደሪያ ላይ የተቀመጡት የሆሊውድ ዲስክና የአማርኛ ዲስክ በሁለት የተለያየ ሕግ ሥር ነበሩ። አንዱን ያባዛ ሰው የሚከሰው ባለመብት አልነበረም፤ ሌላውን ያባዛ ደግሞ እስር ቤት ሊገባ ይችላል። ኮፒው ግን የሚደረገው በአንድ ኮምፒውተር፣ በአንድ ልጅ እጅ ነው። አንዱን እያባዛ ለዓመታት የለመደ እጅ ሌላውን ሲያገኝ አይቆምም።

ይህ ልዩነት ዘላለማዊ ነው ብሎ ንግድ መገንባት ስህተት ነው። ኢትዮጵያ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ያመለከተችው በ1995 ዓ.ም ነው። ከአባልነት ጋር የሚመጣው ትሪፕስ የተባለው ስምምነት ደግሞ የበርንን ዋና ዋና ድንጋጌዎች ያስገድዳል። የውጭ ፊልም በማባዛትና በመጫን ላይ ብቻ የቆመ ሱቅ ወይም የቴሌቪዥን ሥርጭት ካለ፣ መሬቱ የሱ ያልሆነ ቤት እንደሠራ ይቁጠረው።

እውነተኛው መጠባበቂያ

የመጠባበቂያ ቅጂ ነገር ሲነሣ ሁሉም ስለሌባው ያወራል። ትልቁ ኪሳራ ግን ከባለቤቱ ቤት ነው።

በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ አብዛኞቹ የቪዲዮ ፊልሞችና የሠርግ ቪዲዮዎች የተቀረጹት በትንንሽ የዲጂታል ካሴት ነው። የአንድ ሰዓቱ ካሴት ወደ ኮምፒውተር ሲገባ 13 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል። በዚያን ጊዜ ሃርድ ዲስክ ውድ ነበር። ስለዚህ ፊልሙ ተቆርጦና ተቀጥሎ ካለቀ በኋላ ኮምፒውተሩ ለሚቀጥለው ሥራ እንዲለቀቅ ይጠፋል፣ ካሴቱም ሌላ ይቀዳበታል። ለባለቤቱ በእጁ የቀረው የታተመው ቪሲዲ ብቻ የሆነበት ጊዜ ነበር።

ቪሲዲ ደግሞ የተጨመቀ ነው። ከዲቪዲው ሩብ ብቻ የሆነው ምስል በዛሬ ቴሌቪዥን ላይ ሲለጠጥ ፊቱ ሁሉ ይበጣጠሳል። በቤት ኮምፒውተር የተጻፈ ዲስክም ዕድሜው አጭር ነው። በፋብሪካ የታተመ ዲስክ መረጃው በፕላስቲኩ ላይ ተቀርጾ የሚቀር ሲሆን፣ በመጻፊያ የተጻፈው ግን የሚያርፈው በስስ ቀለም ላይ ነው። ቀለሙን ፀሐይና ሙቀት ይበላዋል። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ አቧራ በማይጠፋበት ሰፈር፣ በካርቶን ውስጥ የተከማቸ ዲስክ አንድ ቀን ማጫወቻው «ዲስክ የለም» ሲል ነው መሞቱ የሚታወቀው።

ይህ የስሜት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የገንዘብ ጉዳይ ነው። ዲስክ ገበያውን ሲለቅ ዩቲዩብና የሳተላይት ቴሌቪዥን መጡ። የቆየ ፊልም እንደገና ዋጋ አገኘ። በውጭ አገር የሚኖረው ኢትዮጵያዊ በልጅነቱ ያየውን ፊልም ፈልጎ ያያል፤ ማስታወቂያውም ገንዘብ ያመጣል። ነገር ግን ጥሩ ምስል ያለው ማስተር የያዘና የደበዘዘ ቪሲዲ የያዘ እኩል አይደራደሩም። ሌላም አለ። ባለቤቱ ሳያወጣው ሌላ ሰው ከሱቅ ከገዛው ዲስክ ላይ ገልብጦ ቀድሞ ከጫነው፣ ባለቤቱ የኔ ነው ብሎ ለማስረዳት ሰነድ ፍለጋ ይሮጣል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

ገንዘብ ከመክፈል በፊት

የቆየ ፊልም መብት ገዝቶ በኢንተርኔት ወይም በቴሌቪዥን ለማውጣት የሚያስብ ነጋዴ፣ እንዲሁም በመካከል ቆሞ የሚያገናኝ ደላላ፣ ቢያንስ አራት ነገር ማየት አለበት።

አንደኛው ባለመብቱ ማን ነው የሚለው ነው። በሕጉ መሠረት መብት የሚገኘው ሥራው ሲፈጠርና ግዙፍነት ሲያገኝ እንጂ ሲመዘገብ አይደለም። ስለዚህ የምዝገባ ወረቀት ጥሩ ማስረጃ ቢሆንም ደራሲው፣ ዳይሬክተሩ፣ የሙዚቃው ባለቤትና ፕሮዲዩሰሩ በመካከላቸው የፈረሙት ውል መታየት ይኖርበታል። በቃል የተሰጠ «ውሰደው» ዋጋ የለውም፤ የኢኮኖሚ መብት የሚተላለፈው በጽሑፍ ነው።

ሁለተኛው የተላለፈው መብት የትኛው ነው የሚለው ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ «የቪሲዲ መብት ሸጫለሁ» የሚል ውል የተፈራረመ አከፋፋይ የኢንተርኔት መብትም አብሮ እንደተሸጠለት ሊሟገት ይችላል። ሻጩም አልሸጥኩም ይላል። ዛሬ የሚጻፍ ውል የማሰራጫውን ዓይነት፣ አገሩንና ዘመኑን ለይቶ ካልጠቀሰ ክርክሩን ለነገ አሳድሮታል።

ሦስተኛው ማስተሩ የት ነው የሚለው ነው። ወረቀቱ ሙሉ ሆኖ ምስሉ ከሌለ የተገዛው ባዶ መጋዘን ነው። ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት ፋይሉ ወይም ካሴቱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መታየት አለበት። ዲስክ ብቻ ካለ ዲስኩ ዛሬውኑ ወደ ሃርድ ዲስክ መገልበጥ፣ ቅጂዎቹም ቢያንስ በሁለት የተለያየ ቦታ መቀመጥ አለባቸው። ሁለቱም ቅጂ አንድ ቤት ውስጥ ከሆነ አንድ እሳት ይበቃቸዋል።

አራተኛው ፊልሙ አስቀድሞ የት የት ተሰራጭቷል የሚለው ነው። በአሥር ቻናል ላይ ያለፈቃድ የተጫነ ፊልም ዋጋው ያልተነካውን ያህል አይደለም። ማስነሣት ይቻላል፤ ግን ጊዜና ሰው ይጠይቃል፤ ያ ወጪ ከዋጋው ላይ መነሣት አለበት።

የመጀመሪያው ጥያቄ፣ ፊልምን ከኮፒ የሚጠብቀው ምንድን ነው የሚለው፣ መልሱ ከዚህ ይገኛል። የሆሊውድ ቁልፍ ሦስት ዓመት ቆይቶ ተሰበረ። የአማርኛው ፊልም ቁልፍም አልነበረው። ገንዘብ ያስገኘው በሁለቱም ዘንድ ሸማቹ ፊልሙን በወቅቱ፣ በሚከፍለው ዋጋና በደህና ጥራት ከባለቤቱ እጅ ማግኘት መቻሉ ነው። ኮፒ አድራጊው የሚያድገው ባለቤቱ በዘገየበትና ባልደረሰበት ቦታ ነው።

የቃሊቲ ጉምሩክ በር ላይ ሰልፉ አልቀረም። ዛሬ በዚያ የሚያልፈው ፍላሽ፣ ሚሞሪ ካርድና ሃርድ ዲስክ ነው። ይህም እንደ ባዶው ዲስክ ሁሉ ባዶውን ይገባል። ከነዚህ መካከል ምናልባት ጥቂቱን የሚገዛው የቆየ ፊልሙን ከመጥፋት ሊያድን የቸኮለ ባለቤት ነው፤ ሌላውን ደግሞ ያንኑ ፊልም ሊጭንና ሊሸጥ የተዘጋጀ ሱቅ። ሁለቱም ለአስመጪው የሚከፍሉት ዋጋ አንድ ነው። ቀድሞ የደረሰው ማን እንደሆነ ግን የሚታወቀው ቆይቶ፣ የፊልሙ ገቢ በማን ስም እንደገባ ሲታይ ነው።